ጡንቻው ነው ወይስ ነርቩ? (የአንባቢያን ጥያቄና መልስ)

ሰላም ወገን፣ እንዴት ከረማችሁ? የዚህ ወር ጥያቄዎች ግማሽ በግማሽ ስለ ጡንቻ ህመም ናቸው። ጥቅምት ሲገባ ሁሌም እንደዚ ነው፣ ግሸን የወጣው ጭኑን ይዞ፣ አጨዳ የጀመረው ወገቡን ይዞ ይመጣል። ስለዚ አምዱን ሙሉውን ለዚሁ ሰጠሁት። በነገራችን ላይ ዶክተር እያላችሁ ለምትጽፉልኝ፣ እኔ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ፣ መድሀኒት ማዘዝ የኔ ስራ አይደለም፣ እንዴት እንደሚሰራ ማስረዳት ግን እችላለሁ።

ጥያቄ፦ ለግሸን ማርያም ሄጄ ነበር። ሽቅብ ስንወጣ ትንፋሽ አጠረኝ እንጂ እግሬ ምንም አላለም፣ ቁልቁሉንም እየሳቅን ነው የወረድነው። በማግስቱ ትንሽ ያዝ ያዝ አደረገኝ፣ በሁለተኛው ቀን ግን የምኖርበትን ፎቅ ደረጃ መውረድ አቅቶኝ የኋሊት ነው የወረድኩት፣ ጎረቤት ሳቀብኝ። ጓደኛዬ ላክቲክ አሲድ ነው ውሃ ጠጣበት ይለኛል። እውነት ነው? ለምንስ ሁለት ቀን ቆይቶ መጣ? (ከደሴ)

መልስ፦ እንኳን በሰላም ተመለስክ። ጓደኛህ ያለህን ነገር ሀገር ምድሩ ነው የሚለው፣ የጂም አሰልጣኞች ሳይቀሩ፣ ግን ልክ አይደለም። ጡንቻ ሲሰራ የሚያመርተው ላክቴት አረፍ ካልክ በኋላ በ1 ሰዓት ገደማ ውስጥ ከደምህ ተጠርጎ ወደነበረበት ይመለሳል፣ አንተን ያመመህ ደግሞ በሁለተኛው ቀን ነው። ላክቲክ አሲድ ቢሆን ኖሮ ደግሞ ሊያምህ የሚገባው ሽቅቡ ነበር፣ ትንፋሽህ ያጠረው እዛ ላይ ነዋ።

ጥፋቱ የቁልቁለቱ ነው። ስትወርድ የፊት የጭንህ ጡንቻ ገላህ ተንደርድሮ እንዳይሄድ ይኮማተራል፣ በዚያው ቅጽበት ግን ጉልበትህ ስለሚታጠፍ እየተኮማተረ በግድ ይለጠጣል፣ ይሄ ደግሞ ጡንቻ ከሚሰራቸው ስራዎች ሁሉ አስቸጋሪው ነው፣ በአይን የማይታዩ ጥቃቅን ክሮች እዚህም እዚያም ይጎዳሉ። ግን ልብ በል፣ ክሩ ሲጎዳ ክሩ ራሱ "አመመኝ" አይልም። የህመም ተቀባይ የምንላቸው የነርቭ ጫፎች ያሉት ክሩ ውስጥ ሳይሆን በክሮቹ መሀል በሚያልፉት ቀጫጭን የደም ስሮች ዙሪያ፣ ጡንቻውን በሸፈነው ስስ ሽፋን ላይና ጅማቱ አካባቢ ነው። ጫፋቸው ላይ ምንም የተለየ ነገር የላቸውም፣ ራቁታቸውን ያለቁ የነርቭ ጫፎች ናቸው። ኖሲሴፕተር የሚለውን ስም ያወጣላቸው እንግሊዛዊው ቻርልስ ሸሪንግተን ነው፣ በ1906 እ.ኤ.አ.።

ጡንቻ ውስጥ ሁለት አይነት አሉ። አንዱ ስስ ሽፋን ያለው ሲሆን መልእክቱን በሰከንድ ከ5 እስከ 30 ሜትር ያደርሳል፣ ሌላው ምንም ሽፋን የሌለው ነው፣ በሰከንድ 1 ሜትር ገደማ፣ እየተጎተተ። ከባትህ ተነስቶ ህብለሰረሰር እስኪደርስ ሴኮንድ ሊፈጅበት ይችላል ማለት ነው። የጡንቻ ህመም እንደ መርፌ ውጋት ቦታው ተለይቶ የማይታወቀው፣ ድብን ያለና ሰፋ ያለ የሚሆነው አንድም በነዚህ ቀርፋፋዎቹ የተነሳ ነው።

አሁን ወደ ሁለቱ ቀን ልምጣ። ክሮቹ ከተጎዱ በኋላ ሰውነት ጥገና ይጀምራል፣ የመከላከያ ህዋሳት ይመጣሉ፣ ብራዲካይኒን፣ ፕሮስታግላንዲን፣ የነርቭ ማሳደጊያ ፕሮቲን የሚባሉ ነገሮች ቀስ በቀስ ይመረታሉ፣ ይሄ ደግሞ የሰዓታት ስራ ነው። እነዚህ ኬሚካሎች የነርቭ ጫፎቹ ላይ ሲያርፉ ጫፎቹን ያነቃቋቸዋል፣ ድሮ ጠንከር ያለ ነገር ካልመጣ የማይነቁት አሁን በትንሹ ይነቃሉ። እስቲ አስታውስ፣ ቁጭ ብለህ ያምህ ነበር? አይመስለኝም። ሲጫኑት፣ ስትነሳ፣ ደረጃ ስትወርድ ነው ያመመህ። ጡንቻህ በየደቂቃው እየተቀደደ ስለነበረ አይደለም፣ ተቀባዮቹ ስለነቁ ነው። ይሄ ነገር በአብዛኛው ከ24 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ይብሳል፣ ከዛ በራሱ ይለቃል።

ውሃውን ጠጣ፣ ክፋት የለውም፣ ግን ለዚህ መድሀኒት አይደለም። ቀስ ብሎ መራመድ ያፍታታሃል፣ ቀለል ያለ መታሸትም ጥሩ ነው፣ ወጌሻ ጋ ሄደህ "እስኪሰበር እሸኝ" ማለት ግን የነቃውን ማስቆጣት ነው። ከጉዞ በፊት ስትሬች መስራት ይሄን ህመም ብዙም አይከላከልም፣ ብዙ ሰው ግን ያንን ብቻ ነው የሚያደርገው። የሚከላከለው ራሱ ቁልቁለት ነው። ጡንቻ አንዴ ከተለማመደ ለሳምንታት ያስታውሳል፣ ሁለተኛው ዙር ላይ ጉዳቱም ህመሙም ይቀንሳል። የአምባሰል ገበሬ ያንኑ ዳገት በየቀኑ እየወረደ ጭኔን የማይለው ለዛ ነው። የዛሬ አመት ለመስከረም 21 ሁለት ሳምንት ሲቀርህ ጦሳ ተራራን ወጣ በልና ቀስ ብለህ ውረደው፣ አንድ ሁለቴ ይበቃል።

አንድ ነገር ብቻ፣ ከእንዲህ አይነት ጉዞ በኋላ ሽንት ጠቁሮ ቡናማ ከሆነ፣ ጡንቻው አብጦ ከጠጠረ፣ በጣም ከደከመ፣ ያ ሌላ ነገር ነው፣ የተጎዳው ጡንቻ ኩላሊት ላይ ችግር እየፈጠረ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ሆስፒታል።

ጥያቄ፦ በርበሬ አዘጋጅቼ ሰኞ ገበያ አወጣለሁ። ስቀነጥስ የዋልኩ ቀን እጄ ይቃጠላል፣ ማታ ለብ ያለ ውሃ ሲነካው ደግሞ እሳት ይሆንብኛል። በቀደም ትከሻዬን አሞኝ ፋርማሲ ብሄድ የበርበሬ ቅባት ሰጡኝ! የሚያቃጥለኝ ነገር እንዴት ህመም ያስታግሳል? ቤት ያለኝንስ በርበሬ በዘይት ለውሼ ብቀባ አይሻለኝም? (ከባቲ)

መልስ፦ እህቴ፣ ጥያቄሽ የኖቤል ጥያቄ ነው፣ ቀልዴን አይደለም። በርበሬ ውስጥ የሚያቃጥለው ካፕሳይሲን የሚባል ነገር ነው፣ ይሄ ነገር ነርቭ ጫፍ ላይ የትኛውን ተቀባይ እንደሚነካ በ1997 እ.ኤ.አ. ያገኘው አሜሪካዊው ዴቪድ ጁሊየስና ቡድኑ ናቸው፣ በ2021 ደግሞ ግፊትና መነካትን የሚለዩትን ተቀባዮች ካገኘው ከአርደም ፓታፑቲያን ጋር ኖቤል ተሸለመ። የበርበሬው ተቀባይ ቲአርፒቪ1 ይባላል። ስራው በርበሬን መጠበቅ አይደለም እኮ፣ የሚያቃጥል ሙቀትን ማሳወቅ ነው፣ 43 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ይከፈታል። ካፕሳይሲን ሲነካው ግን ሙቀት ሳይኖር ይከፈታል፣ ስለዚ አንጎልሽ "እጄ ተቃጠለ" ብሎ ያምናል፣ ቆዳሽ ግን ሙቀቱ ያው ነው። ማታ ለብ ያለው ውሃ እሳት የሚሆንብሽም ካፕሳይሲኑ ያረፈበት ተቀባይ 43 ዲግሪ ሳይጠብቅ በዝቅተኛ ሙቀት ስለሚከፈት ነው። (ዶሮ በርበሬውን እንደ ጥራጥሬ ለቃቅማ ስትበላ አይተሽ ተገርመሽ ታውቂያለሽ? የወፍ ዘር ያንኑ ተቀባይ አለው ግን ካፕሳይሲን አይከፍተውም፣ አይሰማትም።)

ወደ ቅባቱ ስንመጣ፣ ተቀባዩ ተደጋግሞ ሲነካ ይደክማል፣ ከዛ ለጊዜው መልስ መስጠት ያቆማል፣ ጫፎቹም ሸሸት ይላሉ። ቅባቱ የሚያስታግሰው በዚህ ነው፣ ለዛም ነው አንዴ ተቀብተሽ ምንም አላደረገልኝም ብለሽ ብትጥይው የማይሰራው፣ በቀን ሶስት አራት ጊዜ እየተቀባ ሳምንታት ይፈልጋል፣ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ደግሞ ያቃጥላል። እውነቱን ለመናገር ግን ቅባቱ በዋናነት የሚደርሰው የቆዳ ነርቮች ጋ ነው፣ ትከሻሽ ስር ጠልቆ ላለው ጡንቻ ብዙ ተስፋ አልሰጥሽም። ቪክስና መሰል ቅባቶች ደግሞ ሌላ ተቀባይ ነው የሚነኩት፣ ሜንቶሉ ቅዝቃዜ የሚያሳውቀውን ተቀባይ ይከፍትና የበረደሽ ይመስልሻል።

የቤቱን በርበሬ በዘይት ለውሶ መቀባት፣ በፍጹም። የፋርማሲው ውስጥ ያለው ካፕሳይሲን ብዙ ጊዜ ከ0.1 ፐርሰንት በታች ነው፣ ያንቺ ድስት ውስጥ ስንት እንዳለ ማንም አያውቅም፣ ቆዳሽ ይላጣል፣ አይንሽን ከነካሽ ደግሞ አታድርሺው። ለእጅሽ ግን ዘዴ ልንገርሽ፣ ካፕሳይሲን በውሃ አይሟሟም በቅባት ነው የሚሟሟው፣ ስለዚ ቀንጥሰሽ ስትጨርሺ መጀመሪያ እጅሽን በምግብ ዘይት እሺው፣ ጥረጊው፣ ከዛ በሳሙናና በቀዝቃዛ ውሃ። ጓንት ብታደርጊ ደግሞ ከሁሉም ይሻላል።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ እድሜዬ ሰባን አልፏል። ሌሊት ባቴን እንደ ገመድ ይቋጥረኛል፣ ከእንቅልፌ እያስጮኸ ያስነሳኛል። ምን ይሻለኛል? (ከሐይቅ)

መልስ፦ አባባ፣ እግዜር ይማርዎ። ይሄኛው አጀማመሩ ከላይ ካሉት ይለያል፣ ጡንቻውን የሚያዘው ነርቭ ያለ ትእዛዝ በተከታታይ ሲተኩስ ነው ጡንቻው የሚቋጠረው፣ የህመም ተቀባዮቹ የሚነቁት ከዛ በኋላ ነው። ሲይዝዎ እግርዎን ዘርግተው የእግር ጣቶችዎን ወደ ራስዎ ይሳቡ፣ ካቃተዎት ተነስተው ተረከዝዎን መሬት ላይ ረግጠው ይቁሙ። ጅማቱ ላይ ጡንቻው ምን ያህል እንደተወጠረ የሚለካ ሌላ ተቀባይ አለ፣ ሲሳብ ለህብለሰረሰር ያሳውቅና ነርቩን ያረግበዋል፣ በዛው ይለቅዎታል። ከመተኛትዎ በፊትም ግድግዳ ተደግፈው ባትዎን ትንሽ መሳብ ጥሩ ነው። የሽንት ማስወጫ ክኒን የሚወስዱ ከሆነ ለሀኪምዎ ይንገሩ። ኩዊኒን (የወባ መድሀኒቱ) ጥሩ ነው የሚልዎት ሰው ካለ እሺ እንዳይሉት፣ ለዚህ ተብሎ ሲወሰድ የልብ ምትን ሊያዛባ ይችላል።

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ ልብስ እሰፋለሁ። ቀኑን ሙሉ አጎንብሼ ነው፣ ከማጅራቴ እስከ ትከሻዬ ይነደኛል፣ አንዳንዴ ከጆሮዬ ኋላ ዞሮ ሰሌን (ጆሮ ግንዴን) ይዞ ራስ ምታት ይሆናል። ራጅ ተነሳሁ፣ ምንም የለም ተባልኩ። አሁን ቤት ውስጥ "ራጁ ንጹህ ነው ታካብጂያለሽ" ይሉኛል። እኔም መጠራጠር ጀመርኩ፣ አሁን አሁን ሻርፕ ሲያርፍበት ሁሉ ያመኛል። (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ አብሽሪ እህቴ፣ አላካበድሽም። ራጅ የሚያሳየው አጥንት ነው፣ ጡንቻ በቅጡ አይታይበትም፣ የነርቭ ጫፍማ ጭራሽ። ንጹህ ራጅ ማለት አጥንትሽ ደህና ነው ማለት ነው፣ ደስ ይበልሽ፣ ስለ ህመምሽ ግን ምንም አላለም።

ትከሻሽ ላይ የሚሆነው እንዲህ ነው። ስትሰፊ ጡንቻው ብዙ ጉልበት አያወጣም፣ ችግሩ ግን አይላቀቅም፣ ትንሽ ተወጥሮ ለሰዓታት ይቆያል። የተወጠረ ጡንቻ ውስጡ ያሉትን የደም ስሮች ስለሚጫን ደሙ በደንብ አይዞርም፣ አካባቢው አሲድ ይሆናል፣ ኤቲፒ የሚባለው የህዋሱ ጉልበት ወደ ውጪ ይፈሳል፣ የነርቭ ጫፎቹ ላይ ደግሞ አሲድ ብቻ የሚቆጥሩ፣ ኤቲፒ ብቻ የሚቆጥሩ ተቀባዮች አሉ፣ ሁለቱ አብረው ሲመጡ ነው በደንብ የሚጮሁት። ተነስተሽ ትከሻሽን ስታንቀሳቅሺ የሚቀልሽ ደሙ ተመልሶ ስለሚያጥበው ነው።

ራስ ምታቱን በተመለከተ፣ በ1938 እ.ኤ.አ. ጆናስ ኬልግሬን የተባለ ሀኪም ፈቃደኛ ሰዎች ጡንቻ ውስጥ ጨዋማ ውሃ በመርፌ እየወጋ የት እንዳመማቸው ጠየቃቸው፣ ሰዎቹ የሚያሳዩት ቦታ ብዙ ጊዜ ከተወጉበት ራቅ ያለ ነበር። ከጡንቻ የሚመጡት ነርቮች ህብለሰረሰር ሲደርሱ ከሌላ ቦታ ከመጡት ጋር አንድ ህዋስ ላይ ይገናኛሉ፣ አንጎል ደግሞ ከየት እንደመጣ መለየት ያቅተዋል። የማጅራትና ትከሻ ጡንቻ ህመሙን ወደ ጆሮ ግንድ በመላክ የታወቀ ነው። የልብ ህመም ግራ ክንድ ላይ የሚሰማውም በዚሁ መንገድ ነው፣ ስለዚ ይሄን አምድ የሚያነብ ትልቅ ሰው ሲራመድ ደረቱን ጨምድዶ ክንዱ ድረስ የሚያመው ከሆነ ጡንቻ ነው ብሎ ቅባት እንዳይቀባ፣ ቶሎ ሆስፒታል ይሂድ።

አሁን ሻርፑ። ይሄ ነው ከደብዳቤሽ ያሳሰበኝ። ጅብ ግቢ የገባበት ቀን የጮኸ ውሻ፣ ከዛ በኋላ ለሳምንታት ድመት ስታልፍም ይጮሃል አይደል፣ ህብለሰረሰርሽም እንደዛ ሆኗል። ከትከሻሽ ለወራት መልእክት ሲጎርፍለት ራሱ ይነቃል፣ ከዛ ተራ መነካትን ሳይቀር እንደ ህመም ያሳልፋል። በ1983 እ.ኤ.አ. ክሊፎርድ ዉልፍ በእንስሳት ላይ በሰራው ምርምር ይሄ ነገር ህብለሰረሰር ውስጥ እንደሚፈጠር አሳየ፣ ከዛ ወዲህ ህመም ማለት ተጎዳሁ ከሚለው ቦታ ብቻ የሚለካ ነገር እንዳልሆነ ሁሉም ተቀበለ። ህመሙ እውነት ነው፣ ግን ብዛቱ የጉዳትሽን ብዛት አይነግርሽም። ይሄን ለቤተሰብሽ አንብቢላቸው።

ስለዚ ሁለት ቦታ ነው የምንሰራው። ትከሻው ጋ፣ በየግማሽ ሰዓቱ እጅሽን ከማሽኑ አንስተሽ ትከሻሽን ወደ ላይ ሰብስቢና ልቀቂው፣ አስር ሰከንድ ነው የሚፈጀው፣ ተቆጣጣሪም አያይሽም። ወንበርሽን ከቻልሽ ከፍ አድርጊ፣ ሁሉም ሰው ማሽኑን ሲወቅስ ነው የምሰማው፣ አብዛኛውን ጊዜ ግን ወንበሩ ነው አጭሩ። ማታ በሙቅ ውሃ የተነከረ ፎጣ፣ ቀለል አድርጎ ማሸት። ማሸት ዝም ብሎ ማጽናኛ አይደለም፣ የመነካት ነርቮች ወፍራምና ፈጣን ስለሆኑ ህብለሰረሰር ላይ የህመሙን መልእክት ይቀድሙታል፣ ይሄን ሜልዛክና ዎል በ1965 እ.ኤ.አ. የበር ቲዎሪ ብለው አወጡት፣ እናቶቻችን ግን ልጅ ሲወድቅ ቀድመው እሹሩሩ እያሉ ያሹታል። ህብለሰረሰሩ ጋ ደግሞ እንቅልፍና እንቅስቃሴ ነው ዋናው፣ እንቅልፍ ያጣ ሰው ህመሙ ይብስበታል፣ ፈረቃሽ ሌሊት ከሆነ ቀን የምትተኚበትን ክፍል አጨልሚው። ትከሻሽን ፈርተሽ ማቀብ ግን ይቅርብሽ፣ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እያንቀሳቀስሽው ነው የሚለምደው። በወራት እንጂ በቀናት አትጠብቂ።

ጣቶችሽ ከደነዘዙ፣ መርፌ መያዝ ካቃተሽ ወይ ክንድሽ ከዛለ ግን እዚህ ላይ ያልኩትን ትተሽ ተመርመሪ፣ ያኔ ነርቩ ራሱ አንገት ላይ ተይዞ ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ፦ አባቴ ጡንቻና ወገብ ያመዋል፣ ደም ግፊትም አለበት። ሰፈር ያለ ክሊኒክ ሄዶ ዲክሎፌናክ መርፌ ይወጋል፣ ባመመው ቁጥር ነው የሚሄደው፣ ክኒን አይሰራልኝም መርፌ ነው የሚለኝ። ጉዳት አለው? (ከወልዲያ)

መልስ፦ አለው። መርፌ ይበረታል የሚለው ነገር እኛ ሀገር ስር የሰደደ ነው፣ ባለሙያውም አንዳንዴ ሰው ስለሚፈልገው ይወጋል፣ ግን መድሀኒቱ ያው ዲክሎፌናክ ነው፣ በመርፌ ትንሽ ይፈጥናል እንጂ አይለይም። ዲክሎፌናክም ኢቡፕሮፌንም አስፕሪንም የነርቭ ጫፉን አይዘጉትም፣ ቅድም ያልኩት ፕሮስታግላንዲን እንዳይመረት ነው የሚያደርጉት፣ ስለዚ የነቃው ተቀባይ ወደ ቀድሞ ልኩ ዝቅ ይላል። ይሄን ያገኘው ጆን ቬን ነው፣ በ1971 እ.ኤ.አ.፣ በ1982 ኖቤል አግኝቶበታል። ችግሩ ፕሮስታግላንዲን ጡንቻ ላይ ብቻ አይደለም ያለው፣ ጨጓራን ከራሱ አሲድ ይከላከላል፣ የኩላሊትን የደም ዝውውር ይጠብቃል፣ መድሀኒቱ ሁሉንም አብሮ ነው የሚያጠፋው። በመርፌ መወጋቱ ጨጓራን አያድንም፣ ምክንያቱም በደም ዞሮ እዛው ይደርሳል።

ለአባትህ ደግሞ ይብሳል፣ እነዚህ መድሀኒቶች ግፊት ይጨምራሉ፣ ከአንዳንድ የግፊት ክኒኖችና ከሽንት ማስወጫ ጋር ሲደመሩ ኩላሊትን ሊያቆሙት ይችላሉ። መቀመጫ ላይ የሚወጋ መርፌ ቦታውን ከሳተም ወደ እግር የሚወርደውን ትልቁን ነርቭ ሊጎዳ ይችላል፣ ለጡንቻ ሄዶ ነርቭ ይዞ መመለስ አለ። አንዳንዴ ደግሞ ዴክሳ (ዴክሳሜታዞን የሚባል የስቴሮይድ መድሀኒት) ቀላቅለው ይወጋሉ፣ በዛ ቀን እንደ ወጣት ያደርገዋል፣ ሲደጋገም ግን ስኳር ይጨምራል፣ አጥንት ያሳሳል፣ ስለዚ ምን እየተወጋ እንደሆነ ስሙን አስጽፈህ ውሰድ።

መርፌውን በአንዴ አስቁመው አልልህም፣ አባትህም አይሰማህም። መጀመሪያ የሚወስደውን የግፊት ክኒን ሁሉ ከነካርቶኑ በፌስታል ይዘህ ግፊቱን የሚከታተለው ሀኪም ጋ ውሰደው፣ ኩላሊቱን በደም ምርመራ ይዩለት፣ ፓራሲታሞል ይበቃው እንደሆነ ጠይቅ። ወገቡን ደግሞ እዛው ፊዚዮቴራፒ ካለ አስላከው። እስከዛ ድረስ ሰገራው እንደ ሬንጅ ከጠቆረ፣ ደም ካስመለሰው፣ ሽንቱ ከቀነሰ ወይም እግሩ ካበጠ ቀጠሮ አትጠብቅ፣ በሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ውሰደው።